ጉበቱን ያልሰጠው ሰው

ጎጃም ውስጥ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ሰው ስልክ ደውሎ ቁርስ መብላትና አለመብላቴን ደጋግሞ ከጠየቀኝ፣ ሊነግረኝ የከበደው ክፉ ነገር አለ ማለት ነው። ባለፈው የካቲት፣ ሞጣ አብሮኝ ያስተምር የነበረው ጌትነት ደወለና መጀመሪያ አሁን የምኖርበትን የደሴን ብርድ፣ ቀጥሎ ልጆቼን፣ ቀጥሎ ቁርሴን ጠየቀኝ። «በልቻለሁ፤ ማን ነው የሞተው?» አልኩት። «ይኸነው አረፈ» አለኝ። በምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። በምን እንደሚሞት ከዓመታት በፊት ራሱ ነግሮኛል።

ስልኩን ስዘጋ ማልቀስ ሲገባኝ ተናደድኩ። የተናደድኩት በሐኪም አይደለም፤ በበሽታውም አይደለም፤ በራሱ በይኸነው ነው። ይህ ሰው በገዛ አባቱ ቤት ፈሪ ተብሎ ኖረ። አንዲት ቃል ቢናገር ስሙ ይጸዳለት ነበር፤ ሳይናገራት ሞተ። እኔ ደግሞ ቃሏን አውቃት ነበር።

መምህር ይኸነው አስረስ፣ ሞጣ እኔ ኬሚስትሪ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነበር። ከቢቸና ወጣ ካለ ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጋዋኑ ሁልጊዜ ከጉልበቱ በላይ የሚቀርበት ሰው። ሲያወራ እጁ አያርፍም። መንገድ ላይ ስለ ልብ እያስረዳኝ ጡጫውን ሲጨብጥና ሲዘረጋ የሚያየው ሰው ልንደባደብ የደረስን ይመስለው ነበር። «እስቲ ገልጠን እንየው» የሁልጊዜ ቃሉ ናት። የሞተ እንቁራሪትም ይሁን፣ የርዕሰ መምህሩ ማስታወቂያም ይሁን፣ የእኔ ከባለቤቴ ጋር መኳረፍም ይሁን፣ ለእሱ ተገልጦ መታየት አለበት። በዚህ ጠባዩ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። «የደሴዋ፣ ምነው ዛሬ ደግሞ ፈላሽ?» ይለኛል፤ እኔም ይብስብኛል።

መምህራኑ በየፋሲካው በሬ ገዝተው ቅርጫ ይገቡ ነበር። ሥጋው በቅጠል ላይ እኩል እኩል ይመደባል። ከዚያ እያንዳንዱ ባለድርሻ አንድ ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ጠመኔ፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ስንጥር እንጨት። ምልክቱን በየመደቡ ላይ የሚጥለው ሰው ከሥጋው የማይካፈል ቢሆን ይመረጣል፤ እንዳያዳላ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የእነሱን እርድ አልበላም፤ ስለዚህ ገና በመጣሁበት ዓመት ዕጣ ጣይ አድርገው ሾሙኝ። ይኸነው በበኩሉ ቢላዋ ይዞ ጉበቱ ዘንድ ይሰየማል። ይገልጠዋል፤ ትል ያለበትን ቆርጦ ይጥላል፤ ደህናውን ከፍ አድርጎ ይዞ የተራበውን ጉባኤ ማስተማር ይጀምራል። «ከሆድ ዕቃችን ሁሉ ቆርጠው ቢወስዱበት መልሶ የሚያድግ ይኸ ብቻ ነው» ይላል። ርዕሰ መምህሩ አንድ ጊዜ «መምህር፣ ልንበላው ነው እንጅ ልንፈተንበት አይደለም» ብለውት ሁላችንም ስቀናል። እሱ ግን ትምህርቱን ሳይጨርስ ቢላዋውን አላስቀመጠም።

ታናሽ እህቱ ዘመናይ ሞጣ ከእሱ ጋር ትኖር ነበር። ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ክፍል በእግር በሚረገጥ መኪና ልብስ ትሰፋለች። እኔን ያቀረበችኝ ቀሚስ ላሰፋ ሄጄ ነው፤ ስትለካኝ «አንቺ ደሞ ሁሉ ነገርሽ ትከሻ ነው» ብላ አሳቀችኝ። ያልቀለደችበት ሰው አልነበረም። አንድ ክረምት ቀኝ ጎኔን ይወጋኛል ማለት ጀመረች። እህል አስጠላት፤ ከሳች፤ ከዚያ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ሰፈሩ በሙሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለ። የወፍ በሽታ ደግሞ ሐኪም አያውቀውም ተብሎ ይታመናልና፣ ይኸነው ክፍል ውስጥ እያለ ጎረቤቶቿ ሥር የሚያጠጣ ሰው ዘንድ ወሰዷት። ደግነታቸው ነው። ይኸነው ሲሰማ ግን እንደዚያን ቀን ጮኾ አያውቅም። «ጉበቷ ለታመመ ሰው ምንነቱን የማታውቁትን ነገር ታጠጣላችሁ?» እያለ የመንደሩን ሴቶች አስለቀሳቸው፤ ከዚያም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ራሱ አለቀሰ።

ባሕር ዳር በአልትራሳውንድ ታየችና ጉበቷ ላይ እብጠት አለ ተባለ። ወደ አዲስ አበባ ተላከች። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ሳምንት ይኸነው ኢንተርኔት ቤት ነበር የሚውለው። መስመሩ እየተቆረጠ፣ እየተመለሰ፣ ስለ ጉበት ንቅለ ተከላ ያገኘውን ሁሉ አነበበ። ሐኪሞች ከጤነኛ ሰው ላይ ግማሹን ወስደው ለታመመው እንደሚሰጡ፣ በሁለቱም ሰው ላይ ያ ግማሽ መልሶ እንደሚያድግ ለመምህራን ማረፊያው ሁሉ አወጀ። ደስታውን ያየ ሰው ግኝቱ የእሱ ይመስለው ነበር። «ሳይንሱ አለ እኮ! ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው!» ይላል። እኔም እውነቱን ለመናገር በደስታው ተያዝኩ።

አዲስ አበባ የሆነውን የነገረኝ ከተመለሰ በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እኔ የሙከራ ብርጭቆ አጥባለሁ፤ እሱ ጋዋኑን ሳያወልቅ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ያዩአት ሐኪም ደግ ሰው ነበሩ አለኝ። በሽታው የጉበት ካንሰር ነው። መነሻው ለዓመታት በደሟ ውስጥ የኖረ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ ነው። ይኸነው ይህን ሲሰማ እዚያው እጅጌውን ሰብስቦ «ግማሹን ከእኔ ውሰዱ» አላቸው። ሐኪሙ ይህ ሥራ እዚህ አገር እንደማይሠራ ነገሩት። ውጭ አገርም ቢሆን የእሷ እብጠት ከጉበቷ አልፎ ስለተሠራጨ የሚቀበላት እንደሌለ ነገሩት። እሱ ግን ልቡ እሺ አላለም፤ ቢያንስ ደሜ ይመርመር ብሎ ለመነ። ተመረመረ። ያው ቫይረስ እሱም ደም ውስጥ ተገኘ።

«እናታችን ሆዷ ተነፍቶ ነው የሞተችው» አለኝ። «ያኔ ዓይነ ጥላ ነው አሉ። ሁለታችንም ስንወለድ ከእሷ የያዘን ይመስለኛል።»

«ታዲያ መድኃኒት የለውም?»

«አለው፤ እዚህ የለም። ጉበቴ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ አንድ ቀን ይናገራል። መጠበቅ ነው።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ሰይዳ፣ ይህችን ለማንም እንዳትነግሪ።»

እሺ አልኩት። ያጠብኩትን ብርጭቆ ደግሜ አጠብኩት።

ዘመናይ ከዚያ ወዲያ አባቴ ቤት ልሁን አለች። ይኸነው ወሰዳት። አንድ ቅዳሜ እሷን ልጠይቅ አብሬው ሄድኩ፤ ከሞጣ ቢቸና ያለው መንገድ ያኔ ኮረኮንች ነበር፣ አቧራ ስንቅም ደረስን። ያን ቀን ለቤተሰቡ እውነቱን ሊነግር ወስኗል። መኪናው ውስጥ ሆኖ ሲለማመድ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

አባቱ አያ አስረስ ነጭ ጋቢ ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ታላቅ ወንድሙ ሞላ ከአባቱ ጋር የሚያርሰው ነው፤ ከሚስቱ ጋር እዚያው ይኖራል። እህታቸው ጥሩወርቅ ከተዳረችበት ከየጁቤ በኩል መጥታለች። ዘመናይ ጓዳ ተኝታለች። ይኸነው መሐል ቆመና ጀመረ። ያጠፋውም እዚህ ላይ ነው። «አትድንም» ብሎ መጀመር ሲገባው፣ መምህር ነውና ከጉበት ሥራ ጀመረ። እጁን ቀኝ ጎኑ ላይ አድርጎ የት እንዳለ አሳየ፤ ምን እንደሚያጣራ ነገራቸው። አያ አስረስ በጥሞና ያዳምጣሉ።

«ሠልጥኖ ባለ አገር» አለ ይኸነው፣ «ከጤነኛው ጉበት ግማሹን ይወስዱና ለበሽተኛው ይሰጡታል። ግን...»

አያ አስረስ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ እስቲ። የሰጠው ሰው ይሞታል?»

«አይሞትም። መልሶ ያድጋል። ግን አባዬ...»

«የተቀበለውስ ይድናል?»

«የዳነ አለ። ግን እሷ...»

«እንግዲያ የምን ግን ነው ልጀ? እኛ አለን አይደል!»

ከዚያ በኋላ «ግን» የሚለውን የሚሰማ ጠፋ። አያ አስረስ «እኔ ዕድሜየን ጨርሻለሁ፤ ግማሹ ምን ያደርግልኛል፣ ሙሉውን ይውሰዱት» አሉ። ሞላ «እርስዎ ሸምግለዋል፤ ለልጅ እግር ሰው ያረጀ ጉበት ይሆናል? የምሰጥ እኔ ነኝ» አለ። የሞላ ሚስት ሕፃን እንዳዘለች ከጓዳ ወጥታ «የልጆቸን አባት አታርዱብኝ!» ብላ ጮኸች። ጥሩወርቅ ደግሞ ለሴት የሚስማማው የሴት ነው ብላ ተነሣች። ሦስቱም ተያያዙ። እንዲህ ዓይነት ጠብ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ እያንዳንዱ ሰው እኔ ካልተቆረጥኩ እያለ ይጣላል። ይኸነው እጆቹን አንጠልጥሎ መሐል ቆሟል። እነዚያ የማያርፉ እጆች ያን ጊዜ ምንም አልሠሩም።

«በቃ!» አሉ አያ አስረስ። «ምን ያጨቃጭቃል? ዕጣ ይጣል።»

በሬም ሲካፈሉ፣ መሬትም ሲካፈሉ የሚያውቁት ፍርድ ነው። ዕጣ ከወጣ በኋላ ማንም ማንንም አይቀየምም። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንች ልጀ፣ የሥጋ ዘመዳችን አይደለሽም፣ አታዳይም። አንች አውጭልን።»

ይኸነውን አየሁት። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን አባቱን ነው የሚያየው፤ አያ አስረስ ከበሽታው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ይኸነው ከሸሚዙ እጅጌ ላይ አዝራሩን በጠሰና ሰጠኝ። «አውጭ» አለኝ ቀስ ብሎ። አባትየው ከከዘራቸው ጫፍ በካራ ፍቀው ስንጥር ሰጡኝ፤ ሞላ የሽንብራ ፍሬ፤ ጥሩወርቅ ከነጠላዋ ጥለት የመዘዘችው ክር። ሁሉንም በአያ አስረስ ባርኔጣ ውስጥ ጨመርኩ። ዓይኔን አሰሩኝ። ንቅለ ተከላው እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ የሞላ ሚስት ግን «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች። እጄ የያዘው አዝራሩን ነው።

አያ አስረስ ተነሥተው ይኸነውን ግንባሩን ሳሙት። «እግዜር አውቆ ነው፤ የተማረ ላይ ጣለው» አሉ። የሞላ ሚስት እግሩ ላይ ወደቀች። መረቁት፤ እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ አሜን፣ አሜን አለ። እኔ ከቤት ወጣሁ።

ጎተራው ጀርባ ተከትሎኝ መጣ። «ለምን ዝም አልክ?» ብዬ ተቆጣሁት።

«ምን ልበላቸው? አላየሻቸውም? ላንድ ቀን እንኳ የሚያደርጉት ነገር አገኙ። ሌላ ምን አላቸው?»

«አሁን ያላቸው እኮ ውሸት ነው።»

«እሱም አልነበራቸውም» አለኝና ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ።

ዘመናይ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ስገባ እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀልሎ፣ ቆዳዋ ቢጫ ሆኖ፣ ዓይኗ ግን ያው የቀድሞው ነው። «የይኸነው ወጣ አሉ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ወይ ጉዴ! እንግዲህ ሆዴ ውስጥ ሆኖ ባዮሎጂ ሲያስተምረኝ ሊኖር ነው።» ሳቅን፤ ስትስቅ ጎኗን ይዛ ቃተተች። ከዚያ «መቼ ነው የሚወስዱን?» ብላ ጠየቀችኝ። ሐኪሞቹ መልስ ይሰጣሉ አልኳት። በየሳምንቱ ይኸነውን ይህንኑ ትጠይቀው ነበር። እሱም «መልስ እየጠበቅን ነው» ይላት ነበር። በሄደ ቁጥር የዛፍ ፍሬም ይሁን ጨርቅ አንድ ነገር ይዞላት ይሄዳል፤ ሲመለስ ለቀናት አያናግረንም። ቤተሰቡ ለመንገድ ልብሱን አጥቦ፣ ስንቅ አዘጋጅቶ ጠበቀ። ጽጌ ሳያልቅ ሞተች።

ሰልስት ዕለት፣ ዘመድ ጎረቤቱ በተሰበሰበበት፣ አያ አስረስ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ። «ዕጣ ወጥቶበት ነበር። ፈራ።» ይህን ብቻ ነው ያሉት። ሰዉ ሁሉ ይኸነውን አየ። እኔ ለመነሣት ሞከርኩ፤ ይኸነው ከወዲያ ማዶ ሆኖ ዓይኑን አፍጥጦ አስቀመጠኝ። አንገቱን ደፍቶ የአባቱን ፍርድ ተቀበለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያ አስረስ የይኸነውን ሰላምታ አልተቀበሉም። በዓል በመጣ ቁጥር ቢቸና ይወርዳል፤ ሞላ ያስገባዋል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ አባትየው ግን እሱ ሲገባ ተነሥተው ከብቶቹ ዘንድ ይሄዳሉ።

«ንገራቸው!» ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት። «እኔም ያው በሽታ አለብኝ በላቸው፤ ሌላ ምንም አትጨምር።»

«አባዬ ሲቆጣ ይበላል» አለኝ አንድ ቀን። «ሲያዝን ግን አይበላም። እናቴ የሞተች ጊዜ ልናጣው ነበር። በእኔ ተቆጥቶ ቢኖር ይሻለኛል።»

ይህን ጀግንነት አልወደድኩለትም፤ አሁንም አልወድለትም። ሌላውን ሁሉ ካልተገለጠ የሚል ሰው የራሱን ነገር እንዲህ ይዘጋዋል። ግን በዚያው ዓመት ሞላንና ጥሩወርቅን የደም ዓይነታችሁን እንወቅ ብሎ አታልሎ ጤና ጣቢያ ወስዶ አስመረመራቸው። ሁለቱም ከቫይረሱ ነፃ ሆኑ። ይህን ሊነግረኝ ሲመጣ ከሩቅ እጁን እያወናጨፈ ነበር የሚሮጠው፤ ተማሪዎቹ ዕብደት መሰላቸው። ከእህቱ ሞት በኋላ እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ወደ ደሴ ተዛወርኩ። መድኃኒቱ ባሕር ዳር መገኘት ሲጀምር ይኸነው መውሰድ ጀመረ፤ ነገር ግን ጉበቱ ቀድሞ ጠጥሮ ኖሯል። አንድ ቀን ደውሎ «የደሴዋ፣ ጉበቴ መናገር ጀመረ» አለኝ። ሆዱ ውሃ ይቋጥራል፤ እየቀዱለት ያስተምራል። ንቅለ ተከላው አሁን የት እንደደረሰ አሁንም ያነብ ነበር፤ አዲስ ነገር ሲያገኝ ይደውልልኛል፤ ሲያስረዳኝ ድምፁ ይደምቃል። እዚህ ግን ያኔም አልነበረም፤ አሁንም የለም። እኔ ስልኩን ይዤ «እሺ፣ እሺ» ከማለት በቀር ምንም ልረዳው አልቻልኩም።

ለቅሶ ልደርስ ቢቸና ስሄድ መንገዱ እንዳለፈው አልከበደኝም፤ የከበደኝ ደጃፉ ነው። አያ አስረስ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ከሰው ተለይተው ማዕዘን ላይ ተቀምጠዋል። ይኸነው ለዓመታት የታመመው ምን እንደሆነ ሞላ ከሐኪሞቹ ሰምቶ ለአባቱ ነግሯቸዋል። «እግዜር ያጥናዎ» ስላቸው በድምፄ ዐወቁኝ።

«ዕጣ ያወጣሽልን ልጅ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ያን ጊዜ እሱም ታሞ ነበር?»

«በደሙ ውስጥ ነበረበት።»

«አንች ታውቂ ኖሯል?»

«አውቅ ነበር። እንዳልናገር ቃል አስገብቶኝ ነው።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። አልተቆጡም። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው መዳፋቸውን ቀኝ ጎናቸው ላይ አኖሩ፤ ቦታውን ያውቁታል።

«እኔን እኮ አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም» አሉ። «እህቱስ ሞተች። ለሱስ እኔ አልነበርኩም?»

ንቅለ ተከላ የሚሠራበት ቦታ እዚህ አገር ዛሬም የለም ልላቸው ነበር፤ ተውኩት። እሳቸው ግን መልሴን እየጠበቁ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ቆዩ።